ጉልበቱ መሬት የነካ ወደ ቤቱ

ታሞ የዳነ ሰው ሲጽፍ ምስጋናውን ያስቀድማል። እኔም አመሰግናለሁ፤ ግን ከምስጋናው በፊት አንድ ሰው ላይ የያዝኩት ነገር አለ። ዓመት ሙሉ ወገቤን ይዤ ስዞር ያቆመኝ ጸሎት ብቻ አልነበረም፣ ቂምም ነበር። የንስሐ አባቴ ይህን ቢያነቡ እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደግሞም እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። ሁለቱም እውነት ነው።

ስሜ ስንዱ ይባላል፤ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። መሀል ከተማ አራዳ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ያልኩት አውቄ ነው፤ ፋይል ለማውረድ ካልሆነ ከወንበር አልነሳም። ቤታችን አዘዞ ነው። ባለቤቴ ታደለ ከአዘዞ አራዳ ሚኒባስ ይነዳል፣ እሱም ተቀማጭ ነው። ልጃችን ሌላ ከተማ ትማራለች። ማታ ማታ ሁለታችንም ወገባችንን እያሸን ነበር የምንገናኘው፤ ግን በሽታ አንለውም ነበር። ድካም ነው፣ ያልፋል።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ስፖርት ይሠራሉ ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። አሠልጣኙ ደምሴ የሚባል ጎረምሳ ነው። ድሮ መረብ ኳስ ተጫውቷል ይባላል፤ ሰው ሁሉ «ኮች» ይለዋል። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እናቱ የምንሆነውን ሁሉ «አንቺ፣ አንቺ» እያለ ያዛል። አዲስ ሰው ሲመጣ ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ወገብሽን ያምሻል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ «ጉልበቱ መሬት የነካ ወደ ቤቱ!»

ፕላንክ የሚባለውን ስፖርት ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሁለቱ ክርንና በእግር ጣቶች ብቻ ተደግፎ፣ ሆድን ከመሬት አንስቶ፣ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጎ መቆየት ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ገና በመጀመሪያ ቀኔ ሦስት ደቂቃ ቆዪ ተባልኩ።

ከማታው ጀምሮ እህል ውኃ ባፌ አልዞረም ነበር። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወገቤ ወደ መሬት ሲሰምጥ ይታወቀኛል፣ ግን ከፍ ላደርገው አልችልም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጥርሴን ነከስኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ሁሉ የሱ ነው ብል እዋሻለሁ። እኛ በስቅለት ስግደት ያደግን ሰዎች ነን። በማግስቱ ጭኑን ያላመመው ሰው የሰገደ አይመስለንም። ሕመምን እንደ በረከት መቁጠር ለምዶብናል። ስለዚህ ወገቤ «ተይ» ሲለኝ በረከቱ የጀመረ መሰለኝ።

ደምሴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እንደሚያመኝ እያወቀ ቆጠራውን ያዘገያል፤ ከአንዱ ቁጥር እስከሚቀጥለው ድረስ ሌላ ሰው ሁለት ይቆጥራል።

«ለስቅለት ስንት ትሰግጃለሽ?» አለኝ።

ሦስት መቶ አልኩት፣ በተቆራረጠ ድምፅ።

«ሦስት መቶ የምትሰግጂ ይቺን አቃተሽ?»

ይኼኔ ነው እልህ የያዘኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? እኔም ዋጥኩ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለና ከቂጤ እስከ ባቴ ድረስ እንደ እሳት ወረደ። በጉልበቴ ወደቅሁ። ደምሴ ፊሽካውን ነፋና ለሴቶቹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ወገቧ የሰነፍ ወገብ ነው። ወደ ቤትሽ!» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። ያቺ ሳቅ የማን የማን እንደነበረች እስከ ዛሬ ለይቼ አውቃለሁ።

ወደ ቤቴ የሄድኩት ሰው ደግፎኝ ነው። በማግስቱ ከታደለ ሚኒባስ መውረድ አቅቶኝ ተሳፋሪ ሁሉ ቆሞ ጠበቀኝ። ታደለ መጀመሪያ አዘነልኝ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አሰረልኝ። ባሌ ጫማ የሚያስርልኝ ሴት ሆንኩ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ ያመመኝ መስሎት ይብስ ጨነቀው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ኩላሊት ነው አሉኝ። ሽንት ሰጠሁ፣ ኪኒን ሰጡኝ፣ ውኃ ጠጪ ተባልኩ። ውኃውን ጠጣሁ፤ ትርፉ በዚያ ወገብ ሌሊት አራት ጊዜ መነሳት ሆነ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደም መረመሩና ታይፎይድ አሉኝ። ወገቤ ነው የሚያመኝ ብላቸው፣ ታይፎይድ ወገብም ይቆርጣል ብለው መርፌ ጀመሩልኝ። ስፖርት ስሠራ ነው የጀመረኝ ብዬ ለሁለቱም ተናግሬአለሁ። አንዱም አልጻፈውም። መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። መርፌውን ጨረስኩ፣ እግሬ ግን መደንዘዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማታ ጋደም ስል የሚመጣብኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ነገ ጠዋት እግሬ ባይታዘዘኝስ?

በዚህ መሀል ስቅለት ደረሰ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሳልሰግድ ቀርቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ታደለ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግንብ ሥር አስቀመጠኝ። ካህናቱ ኪርያላይሶን ሲሉ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ይነሳል። እኔ ቁጭ ብዬ አንገቴን አጎነብሳለሁ። ደምሴ ከወንዶቹ ረድፍ ፊት ለፊት ነጠላውን አጣፍቶ እንደ ኳስ ይነጥራል። ማምሻ ላይ በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ፣ ብቻ ወንበሩ እንዳይሰበር» አለኝ።

በልቤ ስለት ተሳልኩ፤ ስለት ከተባለ። የሚመጣው ስቅለት እዚሁ ግቢ፣ እሱ ፊት፣ እየወረድኩ እየተነሳሁ እሰግዳለሁ አልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል አውቃለሁ። ቢሆንም ተሳልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ዘመዶቼ ጭልጋ ወሰዱኝ። አያ ፈንታ የሚባሉ የታወቁ ወጌሻ አሉ፤ እጅ እግር የተሰበረ ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። ዘመዶቼ በዘይት ታሽቶ፣ ተረግጦ ይለቀዋል ብለው ጓጉተዋል። አያ ፈንታ በግንባሬ አስተኝተው መዳፋቸውን ወገቤ ላይ አሳረፉ። ባቴን ነካ ነካ አድርገው ይሰማሻል ወይ አሉኝ። በደንብ አይሰማኝም አልኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ምነው አያ?» አለቻቸው የአክስቴ ልጅ።

«ይኼ ውልቃት አይደለም። እኔ ብነካት እጎዳታለሁ። ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉ።

የማያውቁትን አላውቅም ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሸጋ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ምነው መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄጄ በነበረ።

ሪፈር ተጽፎልኝ ትልቁ ሆስፒታል ገባሁ። አግዳሚው ወንበር ሞልቷል፤ መቀመጥም መቆምም አልቻልኩም። ከኮላ ድባ ባሏን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ጋቢዋን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችና፣ «ተጋደሚ እህቴ፣ ስምሽ ሲጠራ እኔ እሰማልሻለሁ» አለችኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስሜን ስታዳምጥልኝ ዋለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት፤ ይህ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ አስተኝቶ እግሬን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው እሪ አልኩ። የወገቤን ኤምአርአይ አስነሳኝ። በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ትራስ የሚመስል ነገር አለ፣ ዲስክ ይሉታል። የኔው ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ የእግሬን ነርቭ ነክቶታል። ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም፣ ፊዚዮቴራፒ ነው አለኝ፤ በእንቅስቃሴ ማከም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ፣ ወይም ብሽሽቴ አካባቢ ከደነዘዘኝ፣ ወይም እግሬ እየሰነፈ ከሄደ፣ ነገ ሳልል የዚያኑ ዕለት እንድመጣ። እናንተም ያዙት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሄለን ትባላለች፣ ልጄን ታክላለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጀርባ ተኝቶ መተንፈስና ቀስ ብሎ መራመድ ብቻ ነበር። የእግሬ ሕመም ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ቂጥ ሲሸሽ ጊዜ፣ አንድ ቀን ምንጣፍ ዘርግታ ፕላንክ እንጀምራለን አለችኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ነበር።

«በዚህ ነው የገደሉኝ» አልኳት።

«በዚህ አይደለም እትዬ ስንዱ። በአሠራሩ ነው። ሆድዎና ጀርባዎ ካልጠነከረ ያ ዲስክ ተመልሶ ይመጣብዎታል።»

መሬት ላይ እንኳ አላወረደችኝም። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፌ ነው። ቆሜ፣ ክንዶቼን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ እግሬን ትንሽ ወደ ኋላ ስቤ፣ ቀጥ ማለት። እሱን ሳላመነታ ስችል ወደ ምንጣፉ ወረድኩ፣ ጉልበቴን መሬት አስነክቼ። ክርን በትክክል ከትከሻ ሥር ይሆናል። ዓይን ወደ ፊት አይንጋጠጥም፣ በሁለቱ እጆች መሀል መሬት ያያል። ሆድ፣ ሰው ሊመታው እንደሆነ ሁሉ ጠበቅ ይላል። ቂጥ ወደ ላይ አይቆለልም፣ ወገብም አይሰምጥም። ከራስ እስከ ጉልበት አንድ መስመር ነው። ቤት ውስጥ የአባቴ መቋሚያ አለ፤ ታደለ ጀርባዬ ላይ በርዝመቱ ያስተኛዋል። የራስ ቅሌን፣ የትከሻዬን መሀልና ቂጤን ከነካች ልክ ነኝ። ከተንከባለለች ተበላሽቻለሁ ማለት ነው። አባቴ ማሕሌት የቆመባት መቋሚያ ለዚህ ዋለች።

እና ስንት ደቂቃ? ደቂቃ የለም። ዐሥር ሰከንድ። ከዚያ ጉልበትም ሆድም መሬት ነክቶ ማረፍ። ሦስት ጊዜ። በቃ። ሆዴ ቢደክም ችግር የለውም፣ ወገቤን ከወጋኝ ወይም እግሬን ከጠዘጠዘኝ ግን ያኔውኑ አቆማለሁ። ወገብ መስመጥ ከጀመረ ስፖርቱ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳት ነው። በጾም ቀን ደግሞ ባዶ ሆዴን፣ ውኃ ሳልጠጣ አልሠራም። ጾሜን ከፈታሁ በኋላ ምግቡ ረጋ ሲል ነው። እኔ የታመምኩት ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው፤ ሜዳ ላይ የቆመው ሰው ግን ፊሽካ ነበረው።

አንድ ቀን ሄለን ስሠራ አየችኝና ትንፋሽዎን ይይዛሉ፣ በልብዎ ምን እያሉ ነው የሚቆጥሩት አለችኝ። አፈርኩ። «አንድ ደምሴ፣ ሁለት ደምሴ» እያልኩ ነበር። ደምሴ ማን እንደሆነ ነገርኳት። ስቃ ስታበቃ፣ ሰው ሲናደድ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትንፋሽ ሲያዝ ወገብ ይጨነቃል፣ ድምፅ አውጥተው የሚሉትን ሌላ ነገር ይፈልጉ አለችኝ። የሚናገር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪርያላይሶን እያልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። ደምሴን ለዐሥር ሰከንድ ብቻ እተወዋለሁ፤ ስጨርስ እመለስበታለሁ።

አንዴ ግን አልተውኩትም። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ፣ ከሥራ ስመለስ ሜዳው ላይ አየሁት። አንዲት አዲስ ሴት መሬት ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱ ፊሽካውን እያሽከረከረ ያቺኑ ሕጉን ይላል። ቤቴ ገባሁ፣ በር ቆለፍኩ፣ ጉልበቴን አንስቼ በእግር ጣቴ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆየሁ። ቻልኩት! ጠዋት ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም። ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስኩ። ታደለ ያን ቀን የተናገረኝን አልጽፈውም፤ ግን ልክ ነበር። እንደገና ከግድግዳው ጀመርኩ።

ዓመት ዞረ። ዐሥሩ ሰከንድ ሃያ፣ ሃያው ሠላሳ ሆነ፤ ጉልበቴም ከመሬት ተነሳ። ለስቅለት ሐኪሙ ፈቀደልኝ። እንዳልወድቅ፣ በእጄ ተደግፌ፣ ጉልበቴን ቀድሜ አጥፌ፣ ሳልቸኩል፤ ሲደክመኝ እንዳቆም። ነጠላዬን አደግድጌ ገባሁ። ዓይኔ ከሥዕለ ስቅለቱ በፊት ደምሴን ፈለገ፣ እግዜር ያውቃል።

ከወንዶቹ ረድፍ የለም። ዞር ዞር ስል ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር አየሁት። አንድ እጁ ወገቡ ላይ፣ አንድ እጁ ግንዱ ላይ። ሰው ሲወርድ እሱ ቆሞ ቀረ። ለካ በጥምቀት ሰሞን ከጎረምሶች ጋር ማን ይበልጥ ይቆያል ተባብለው፣ አንዱን ጎረምሳ ጀርባው ላይ አስቀምጦ ፕላንክ ሲሠራ ወገቡ ሄዷል። ይህን የነገረችኝ ያኔ በጣም የሳቀችብኝ ሴት ናት።

ደስ አለኝ። ልዋሽ እንዴ? እሰይ አልኩ። ቦታዬን ለቅቄ እሱ በደንብ የሚያየኝ ጋ ሄድኩና መስገድ ጀመርኩ። ስነሳ አየዋለሁ፣ ወርጄ ስነሳ እንደገና አየዋለሁ። መቶ ሃያ ስደርስ ወገቤ ደከመኝ ሲል አቆምኩ። ሦስት መቶ አልሞላሁም፤ ግን ያቆምኩት በእግሬ ቆሜ ነው፣ ወንበር አልነበረም።

ማታ እንደ ደንቡ የንስሐ አባቴ የወይራ ቅጠል ይዘው ጥብጣብ ሲያደርጉ ተራዬ ደረሰ። ሰው ኃጢአቱን ይናገራል፣ እሳቸው ጀርባውን በወይራው መታ መታ አድርገው፣ ይህን ያህል ስገድ ይሉታል።

«ዓመት ሙሉ ሰው ላይ ቂም ይዣለሁ» አልኳቸው። «ዛሬም የሰገድኩት እሱ እንዲያየኝ ነው።»

«ሰውየው የት ነው?»

«ከግራሩ ሥር። ወገቡን ታሟል።»

መታ አደረጉኝ። «ስግደትማ ለቂምሽ ስንቅ አደረግሽው፤ አልጨምርልሽም» አሉኝ። «የዳንሽበትን አሳይው።»

ሦስት መቶ ስገጂ ቢሉኝ በተሻለኝ። ስወጣ ደምሴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እትዬ ስንዱ፣ እንደምን አመሹ» አለኝ። አንቺነቴ ቀርቶ እርስዎ ሆንኩ፤ ወገብ ሲታመም አንደበት ይታረማል። «እርስዎ በምን ዳኑ?»

መጀመሪያ ሐኪም ይይህ አልኩት። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ታየ፤ የጡንቻ ነው፣ ዲስኩ ደህና ነው ተባለ፣ ሄለንም ከግድግዳ ጀምራ ጉልበት አስነክቶ እንዲሠራ ፈቀደችለት። እኔም አሳይሃለሁ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። እዚያው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ጠዋት፣ ሴቶቹ ባሉበት። የንስሐ አባቴ አሳይው አሉ እንጂ የት እንደማሳየው አልወሰኑም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በአንድ ጠዋት ምንጣፌን ዘረጋሁ። ሴቶቹ ከበቡን። ደምሴ ክርኑን ከትከሻው ሥር አስተካከለ፣ በእግር ጣቱ ሊነሳ አለ።

«ጉልበትህን መሬት አስነካ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀላ። «በዓለ ሃምሳ ነው እኮ እትዬ፣ ጉልበት አይንበረከክም» አለ።

«ይኼ ስግደት አይደለም፣ ፕላንክ ነው። አስነካ።»

አስነካ። ያቺ ሳቂታ ሴት ልትስቅ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ገሠጽኳት። የመሳቁ ተራ የኔ ነበር፣ እኔም አልሳቅሁም። የአባቴን መቋሚያ ጀርባው ላይ አስተኛሁና ትንፋሽህን አትያዝ፣ ከኔ ጋር ቁጠር አልኩት። ቆጠርን። አምስት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወገቡ ግን አልሰመጠም፣ መቋሚያዋም አልተንከባለለችም።

እስከ ዘጠኝ ድረስ እንደ ሰዓት ነው የቆጠርኩለት። ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ዘገየሁ።